የመነሻው ዓመት

ሰኞ፣ ጥር 6

ይህን ደብተር ስከፍት እንደ ልማዴ አንድ ቃል አስቀድማለሁ፤ እዚህ የተጻፈ አይፋቅም፣ አይሰረዝም፣ በላዩም አይደረብበትም። በየዓመቱ አንድ ደብተር እየሞላሁ ብዙ ዓመት እንዲሁ ኖሬአለሁ። ያስተማሩኝ መምህር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «የጻፍኸውን በፋቅህ ቁጥር ወረቀቱ ይሳሳል፤ አንተም አብረኸው ትሳሳለህ» ይሉኝ ነበር። እኔ አልሳሳሁም። በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ሲሳሳ ግን አይቻለሁ።

ሥራችን አገሪቱ በየዓመቱ ወደ አየር የምትለቀውን ሙቀት አማቂ ጋዝ መቁጠር ነው፤ የፋብሪካውን፣ የመኪናውን፣ የከብቱን፣ የቆሻሻ መጣያውን። ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ ሰው የሚጠይቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ወጣ ወይስ ወረደ?» የሚለካውም ከመነሻው ዓመት ነው። አገሪቱ ከዚያ ዓመት በታች ለመውረድ ቃል ገብታለች። የመነሻው ዓመት የዛሬ ሰባት ዓመት የነበረው ነው፤ ያኔ ስድሳ አንድ ነጥብ ስምንት ሚሊዮን ቶን ተለቀቀ። ዛሬ የዘንድሮውን ደምሬ ጨረስሁ፤ ስድሳ ሁለት ነጥብ ሦስት። ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ወጣ።

ዳይሬክተሩ ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ይህ ሰው በእኔ ዕድሜ እኩሌታ፣ በእኔ ፈገግታ እጥፍ የሚኖር ነው። በዚህ ደብተር ውስጥ «ፈገግታው» ብዬ እጠራዋለሁ፤ ከዚህ ውጭ ማዕረጉን አልነፍገውም።

«ጋሼ፣ ትንሽ እንኳ አይወርድም?»

«ሚዛን ላይ ጣቴን አሳርፌ አላውቅም» አልሁት።

«ኧረ ጋሼ፣ ጣት ማን አለ? ዓይን ነው ያልኩት። እስኪ ደግመው ይዩት።»

አይቼዋለሁ። ደግሜም አይቼዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 8

የጣቱ ባለቤት ተገኘች።

በክፍላችን የፋብሪካዎችን ቁጥር የያዘች ሴት አለች። ስምንት ዓመት ፊት ለፊት ስንቀመጥ ከሰላምታ ያለፈ ንግግር አልሰማሁባትም፤ ዝምተኛዋ ናት። ዛሬ ጠዋት አንዲት ወረቀት ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች።

«የመነሻው ዓመት የሲሚንቶ ቁጥር ልክ አይደለም። መታረም አለበት።»

«ወዴት ይታረማል?»

«ከፍ ይላል።»

መነሻው ከፍ ካለ የዘንድሮው ዝቅ ይላል፤ ይህን ለመረዳት መማር አያስፈልግም። ቁልቁል መሄድ ያቃተው ሰው፣ «የተነሣሁት ከጉብታ ላይ ነበር» ብሎ ይምላል። ዳይሬክተሩ ሰኞ «ደግመው ይዩት» ይላል፣ እርሷ ረቡዕ ወረቀት ይዛ ትመጣለች።

ወረቀቱ ከአንድ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ የመጣ ደብዳቤ ነው። ፋብሪካው የኖራ ድንጋይ አቃጥሎ ክሊንከር የሚባለውን የሲሚንቶ እናት ያወጣል፤ ከእያንዳንዱ ቶን ክሊንከር ጋር ግማሽ ቶን ያህል ጋዝ ይወጣል። በመዝገባችን የመነሻው ዓመት ክሊንከር 412,306 ቶን ነው። ከርሱ በፊት የነበረውም ዓመት 412,306 ቶን ነው። ሁለት ዓመት በአንድ አኃዝ የቆመ ፋብሪካ በዓለም የለም። ደብዳቤው ደግሞ የመነሻው ዓመት ምርት ከዚያ አራት እጥፍ በላይ ነበር ይላል። የተጻፈበት ቀን የዚህ ወር ነው፤ ማኅተሙ ገና አልደረቀም ማለት ይቻላል።

«ያኔ ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያምናውን ቁጥር ገልብጠሽ?»

«አዎ።»

«ከምን ተነሥተሽ?»

አየችኝ። «ጻፊ ስለተባልኩ» አለች።

«በማን?»

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ማን አዘዘህ ሲሉት መልስ የሌለው ሰው ያዘዘው ራሱ ነው። ከራሴ በላይ በግድግዳው ላይ በእጄ ጽሕፈት የጻፍሁት፣ በመስተዋት የተለበጠው ደንብ ተሰቅሏል፤ «ባዶ ቦታ ባምና ቁጥር አይሞላም።» ስምንት ዓመት ሙሉ ቀና ባለች ቁጥር ያየችው እርሱን ነው።

ወይ ያኔ ዋሽታለች፣ ወይ ዛሬ ትዋሻለች። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ዓርብ፣ ጥር 10

ክሱን ለዲሲፕሊን ኮሚቴ አስገባሁ። ሁለት ገጽ። አንድም ቅጽል የለበትም።

እሑድ፣ ጥር 12

ታላቅ እኅቴ እታለም አብራኝ መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመት አለፋት። ቤቱን ቤት ያደረገችው እርሷ ናት፤ ምላሷ ግን ማጭድ ነው። ዛሬ ቁርስ ላይ ስለ ክሱ ነገርኋት። የሻይ ስኒዋን አስቀመጠች።

«የላም ግሳት ስትቆጥር ሸበትክ፤ አሁን ደግሞ የሰው እንጀራ ልትቆጥር ነው?»

«ሐሰት ጽፋለች።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሰባት ዓመት።»

  እታለም ነገሩን ወደማይገናኝ ነገር ወሰደችው፤ በመኝታ ክፍሌ ጥግ ያለውን ሳጥን አነሣችብኝ። የባለቤቴ ልብሶች ናቸው።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ብል ስትቀልብ ኖርክ። ስጠኝና ለሚለብሰው ልስጠው።»

«ይቆይ።»

«የዚያን ዓመት ደብተርህንም እዚያው ነው የከተትከው። እኔ ነኝ ስታስገባው ያየሁ።»

«ደብተሩ አያስፈልገኝም።»

ሁለቱ አንድ ዓመት መሆናቸውን የተናገረችው እታለም ናት፤ እኔ አላሰብሁትም ነበር። ቢሆንስ? በዚያ ዓመት ብዙ ሰው ብዙ ነገር ሆኗል።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ደረጃው ላይ ሁለት ሾፌሮች። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

«ሽማግሌው ጥርስ አወጣ አሉ።»

«ጥርሱ መች ገብቶ ያውቃል?»

አልፌአቸው ወረድሁ። ሰላምታ ሰጡኝ። መለስሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ የሕግ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ቃል የማታባክን፣ ብዕሯን ሳትከፍት የምታዳምጥ ሴት። ክሴን ቆሜ አነበብሁ። ዝምተኛዋ ጥቁር ሹራብ ለብሳ እጆቿን ጭኗ ላይ አኑራ ተቀምጣለች።

«ያምናውን ቁጥር ለምን ጻፉ?» ብላ ሰብሳቢዋ ጠየቀቻት።

«ጻፊ ስለተባልኩ።»

«ማን ይጻፉ አለዎት?»

«ያኔ የነበሩት ያውቃሉ።»

ከዚያን ጊዜ ሠራተኞች አንዱ ሞቷል፣ ሁለቱ ጡረታ ወጥተው ወደማናውቀው ሄደዋል፤ ዛሬ ያለነው እኔና እርሷ ብቻ ነን። ስለዚህ ምስክር የላትም።

ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞረች። «የዚያን ዓመት ሰንጠረዥ አጣርቶ የፈረመው ማን ነው?»

ፊርማው የእኔ እንደሆነ ነገርኋት። በአንድ ቀን አርባ ሰንጠረዥ የሚፈረምበት ሰሞን እንደነበርም ጨመርሁ። ይህ እውነት ነው። ፈገግታው በመካከል እጁን አውጥቶ፣ ሴትዮዋ ታታሪ ናት፣ እርማቱም ተገቢ ነው ብሎ ተናገረላት። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም ነበር፤ የሐሰተኛ ጠበቃ ከሐሰቱ ተጠቃሚው ነው።

ሐሰት ከተረጋገጠባት ቅጣቱ ከሥራ መሰናበት ነው፤ በሌላ መንግሥት መሥሪያ ቤትም አትቀጠርም። ቀጣዩ ስብሰባ የካቲት 18። የዓመቱ ዘገባ የሚላከው የካቲት 29 ነው። ያለ እኔ ፊርማ አይላክም።

የሁለት ልጆች እናት ናት፣ ባሏም አልጋ ላይ ነው ይላሉ። የእናት ችግር ቁጥር አያስተካክልም። 

ሐሙስ፣ ጥር 30

ማለዳ አውቶብስ ተሳፍሬ ፋብሪካው ድረስ ሄድሁ። የሐሰት ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል ለማየት ነበር።

ከሩቅ የሚታየው ጭሱ አይደለም፤ አቧራው ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ፣ የዛፉ ቅጠል፣ የዘበኛው ቅንድብ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። ደብዳቤውን የፈረመው የምድጃ አለቃው ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ የመኪና ጩኸት ጆሮውን ስለደፈነው እየጮኸ የሚናገር ሰው። ማንነቴን ስነግረው ሣቀ።

«እርስዎ ነዎት ጭሳችንን የሚቆጥሩት? እኔ አንድ፣ ሁለት ብዬ ስጀምር ንፋስ ይወስድብኛል። እንዴት ነው የሚችሉት?»

«ጭሱን አንቆጥርም፤ ድንጋዩን ነው። ሁለተኛው ምድጃ የተለኮሰው መቼ ነው?»

«ሙሽራዋ?» አለኝ። ምድጃዋን እንዲያ ነው የሚጠሯት። «ሙሽራዋ የገባችው የመጨረሻዋ ልጄ በተወለደች ሳምንት ነው። ልጅቷ ዘንድሮ ሰባት ሞልቷት ስምንት ይዛለች። ሚስቴ ስታምጥ እኔ እዚህ እሳት ሳማምጥ፣ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።»

«እኛ ዘንድ የተመዘገበችው በሚቀጥለው ዓመት ነው።»

«ታዲያ እናንተ ናችሁ ዘግይታችሁ የወለዳችኋት» አለና ትከሻዬን ሊመታ እጁን አነሣ፤ ፊቴን አይቶ መለሰው።

«ያኔ ለምን አላሳወቃችሁም?»

«ማሳወቅማ አሳውቀናል። ምርቱ ጨምሮብን ሒሳቡ ዘገየ እንጂ ደብዳቤው በፖስታ ሄዷል። ስልክም ደውያለሁ። አንዲት ለጋ ድምፅ ያላት ሴት አነሣች። ‹ቁጥሩ ስለሚዘገይ ጠብቁን› ስላት፣ ‹አለቃዬ ሆስፒታል ናቸው፣ ጠይቄ እነግርዎታለሁ› አለችኝ። በማግሥቱ መልሳ ደወለች። ‹ለጊዜው ተሞልቷል፤ ሲደርስ ላኩት፣ ይስተካከላል› አለች። ጨዋ ሴት ናት። አሁንም አለች?»

«አለች።»

«ይህን ደብዳቤም ዘንድሮ በድጋሚ የጠየቀችን እሷ ናት። እርስዎስ ያኔ የት ነበሩ?»

«ሥራ ላይ» አልሁት።

ሲመሽ ቤት ገባሁ። እታለም ጫማዬን በር ላይ እያራገፈች፣ «ይህ ሁሉ አመድ ከየት ነው?» አለች። አመድ እንዳልሆነ ነገርኋት።

የትኛው አለቃ ሆስፒታል እንደነበረ ሰውዬውን አልጠየቅሁትም። የአንድ ለፍላፊ ሰው ትዝታ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ዓመትን በሚስቱ ምጥ የሚቆጥር ሰው በቁጥር አይታመንም። ለኮሚቴው አላቀርበውም።

«ሥራ ላይ» ማለቴን ጽፌዋለሁ። አይፋቅም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ክሱ ከገባ ወዲህ ዝምተኛዋን ምሳ ላይ የሚቀርባት የለም። ሣህኗን ጠረጴዛዋ ላይ ከፍታ ብቻዋን ትበላለች፣ ፍርፋሪውን በመዳፏ ጠርጋ ወረቀት ላይ ትሰበስባለች። ለእኔ ቆመናል የሚሉትም ቢሆኑ እኔን አይቀርቡኝም። እኔም ብቻዬን፣ እርሷም ብቻዋን፣ ፊት ለፊት እንበላለን።

በየማለዳው የሰንጠረዡን ማጣሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ታኖራለች። ስሕተት ፈለግሁበት። አላገኘሁም። በክስ ላይ ያለ ሰው እጁ አለመንቀጥቀጡ ምንድን ነው? የልብ ድንዳኔ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?

ሰኞ፣ የካቲት 11

ፈገግታው ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ ክሱን ይተዉት። እርማቱን ይፈርሙ። ዘንድሮ ጡረታዎ ነው፤ በክብር እንሸኝዎታለን።»

«ክብሬ ያንተ ስጦታ ከሆነማ ቀድሞውኑ የለኝም።»

«ለምንድን ነው ሁሉንም ነገር ጦርነት የሚያደርጉት? ቁጥሩ ትክክል ቢሆንስ?»

«ትክክል ቢሆንማ ኖሮ አንተ አትወድደውም ነበር።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። በዚህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደጅ ላይ ጸሐፊው ለተላላኪዋ ሲነግራት ሰማሁ፤ የሚኒስትሩ ንግግር ተጽፎ አልቋል፣ «ወረደ» የሚለውም ቃል ገብቶበታል፣ የቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው።

እንግዲህ እዩ። ሌባ ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ በር አዙሯል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ይሳሳታል?

ጥያቄውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። መልሱን ግን ማንም አልሰጠኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 16

ከግማሽ ቀን ሥራ ስመለስ ሳጥኑ ተከፍቷል። ልብሶቹ አልጋው ላይ ተጣጥፈው ተደርድረዋል፤ ሰማያዊው ሻርፕ ከላይ ነው። ወንበሩ ላይ ደብተሩ ተቀምጧል። በገጾቹ መካከል የፖስታ ጫፍ ወጣ ብሏል።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም» አለች እታለም። «ሰኞ የሰው ልጅ ልታስባርር ነው። የምትፈልገው ነገር ከሌለበት እመልሰዋለሁ።»

«መልሺው።»

አልመለሰችውም። እኔም አልነካሁትም። እራት አልበላንም።

እሑድ፣ የካቲት 17፣ ማለዳ

አንብቤዋለሁ። በገዛ እጄ የተጻፈ ነው፤ ፊደሎቹ ግን ዘመዋል፣ ጉልበቴ ላይ አስደግፌ የጻፍሁት ይመስላል። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

«ሐኪሙ ዛሬም ነገ አለኝ። ከኮሪደሩ ስልክ ቢሮ ደወልሁ። አዲሷ ሠራተኛ የሲሚንቶው ቅጽ አልደረሰም፣ ምን ልጻፍ አለችኝ። ያምናውን ጻፊው፣ ስመጣ አስተካክለዋለሁ አልኋት። ወደ ክፍሉ ተመለስሁ። ባለቤቴ ውኃ ጠየቀችኝ። እንዳትጠጣ ተከልክላለች፤ ከንፈሯን በጥጥ አራስሁላት።»

ከአራት ቀን በኋላ አንድ መስመር ብቻ ነው። «ዛሬ ቀበርናት።»

ከዚያም ሁለት ሳምንት ዘልሎ፣ «ቢሮ ገባሁ። ሰንጠረዦቹን ፈረምሁ። አዲሷ ሠራተኛ የታሸገ ፖስታ አመጣችልኝ። አሁን አይደለም አልኋት። ነገ አየዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ቅጠል ባዶ ነው። ፖስታው በዚያ ገጽ ላይ ነበር። የፋብሪካው ማኅተም አለበት፣ አፉም አልተከፈተም።

ሦስተኛው መንገድ እኔ ነበርሁ።

 መጀመሪያ የመጣብኝ ጸጸት አይደለም፤ ቁጣ ነው። ለምን አልተናገረችም? አንድ ቃል፣ «እርስዎ ነዎት» የምትል አንዲት ቃል። ዝም ብላ አየችኝ፣ ዝም ብላ አስከሰሰችኝ፤ በአደባባይ ራሴን እስክገልጥ ድረስ ጠበቀችኝ። ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ዝምታ ነው።

የከሰስኋት እኔ ሆኜ ሳለ «አስከሰሰችኝ» ብዬ ጽፌአለሁ። ይኸው፤ አልሰረዝሁትም።

ወጥ ቤት ስገባ ምድጃው በርቷል። እታለም ውኃ ጥዳ ወጥታ ነበር። ፖስታው በእጄ ነበር። ከእርሷ በቀር ፖስታውን ያየ የለም፤ እርሷም ማንበብ አትችልም። የወረቀት ቃጠሎ የሚያወጣውን ጋዝም የምቆጥረው እኔ ነኝ ብዬ አሰብሁ፤ አሳቤ አሳፈረኝና ውኃውን አወረድሁ፣ እሳቱን አጠፋሁ።

እታለም ስትመለስ ደብተሩን በጋዜጣ ስጠቀልል አየችኝ።

«የት ልትወስደው ነው?»

«ወደ ሰኞ።»

«ልብሶቹንስ?»

ሰማያዊውን ሻርፕ ብቻ አነሣሁ። ሌላውን ተሸክማው ወጣች።

ሰኞ፣ የካቲት 18

በአጭሩ። ደብተሩን ለሰብሳቢዋ ሰጠሁ፤ ገጹን አነበበች። ፖስታውን እንደታሸገ አቀረብሁ፣ «እኔ አልከፍተውም፤ እጄ አይታመንም» አልኋት። በመቀስ ከፈተችው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ 1,954,870 ቶን። የዘንድሮው ደብዳቤ የያዘውም ይህንኑ ነው፤ አኃዝ በአኃዝ። የምድጃ አለቃው የነገረኝንም፣ ደብቄው እንደቆየሁ ጨምሬ ተናገርሁ።

«እንግዲህ ክሱን ያነሣሉ?»

«ክሱ አይነሣም። የተከሳሹ ስም ይለወጥ።»

ፈገግታው ጉሮሮውን ጠረገ። 

ኮሪደሩ ላይ ጠበቅኋት። ምን ልላት እንደነበር ከቤት ጀምሬ አሰናድቼ ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ብናገር ያምኑኝ ነበር?»

«አላምንሽም ነበር።»

«እንግዲያውስ።»

«እንድታዝኚልኝ አልጠየቅሁሽም።»

«አላዘንኩልዎትም» አለች። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ሰባት ዓመት ስለፈራሁዎት ነው። ፖስታውን ባመጣሁበት ቀን ያዩኝን አስተያየት አልረሳሁትም። ዘንድሮም የመጣሁት አለቃ ልኮኝ አይደለም፤ መነሻው ተሳስቶ ሳለ የዓመቱን ሰንጠረዥ መሙላት ስላቃተኝ ነው።»

ሄደች። ይቅርታ የሚለው ቃል በጥርሴና በምላሴ መካከል ቀረ። ከሌሎች ሲጠብቁት የኖሩት ቃል ለራስ ሲሆን እንዲህ ይከብዳል? ያስተማሩኝ መምህር ቢያዩኝ ምን ይሉ ነበር?

ሐሙስ፣ የካቲት 21

ውሳኔ። እርሷ ነጻ ናት። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከማኅደሬ ጋር የሚቆይ። ቀላል ነው፤ ለእርሷ የጠየቅሁት ከዚህ የከበደ ነበር።

ሾፌሩ በር ላይ ሰላም አላለኝም። ወይም አላየኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 27

ዘገባው ከነገ ወዲያ ይላካል። ያለፈ ቁጥር ሲታረም ምክንያቱ በዘገባው ግርጌ መጻፍ አለበት። ፈገግታው ረቂቁን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፤ «በተሻሻለ መረጃ ምክንያት የተደረገ እርማት» ይላል።

«መረጃው አልተሻሻለም» አልሁት። «ፖስታ ውስጥ ነበር።»

«ጋሼ፣ ይህን ማን ያነበዋል? በሚኒስትሩ ፊት ያሳፍረናል።»

«አንተን ምን ያሳፍርሃል? የወረደልህ አንተ ነህ።»

«ቆይ፣ ትናንት ቁጥሩ አይነካ ብለው ተጣሉ፤ ዛሬ ደግሞ ስሜ ይነካ ብለው ይጣላሉ። ምን ይሻልዎታል?»

«ፊርማዬን የምትፈልገው ዓርብ ነው» አልሁት። «ጊዜ አለህ።»

በሩን በኃይል ዘግቶ ወጣ። ሰውዬውን ዛሬም አልወደውም፤ ትክክለኛው ቁጥር በእርሱ እጅ መውደቁም ያንገበግበኛል። ቢሆንም ቁጥር ለማን እንደሚጠቅም አይቶ አይለወጥም። ይህን ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ እንደ ተማሪ ሆኜ ግን ገና ዛሬ ሰማሁት።

ዓርብ፣ የካቲት 29

ማለዳ ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። በግድግዳው ላይ ያለውን ደንብ ለማውረድ ወንበር ላይ ወጥቼ ሳለሁ ዝምተኛዋ በሩን ከፈተች።

«ይተዉት» አለች። «ደንቡ ልክ ነው።»

ወረድሁ። ኮቷን ሰቀለች፣ ኮምፒዩተሯን ከፈተች። እኔ አጠገቧ ቆምሁ፤ ስምንት ዓመት ቆሜበት የማላውቀው ቦታ ነው። ከመስኮቷ የሚታየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ብቻ እንደሆነ ዛሬ አየሁ።

«የግርጌውን ማስታወሻ ልንገርሽ» አልኋት፤ እርሷም እጆቿን የፊደል ገበታው ላይ አኖረች።

«የመነሻው ዓመት የሲሚንቶ ቁጥር የታረመው፣ የቆጠራ ክፍሉ ኃላፊ ቅጹ ሳይደርስ ያምናው ቁጥር እንዲጻፍ በማዘዙ፣ የደረሰውንም ደብዳቤ ሰባት ዓመት ሳይከፍት በማስቀመጡ ነው። የጻፈችው ሠራተኛ ጥፋት የለባትም።»

ጣቶቿ ቆሙ። ወደ እኔ ሳትዞር፣ «እንዳለ ልጻፈው?» አለች።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በዚያ ኮሪደር፣ በዚያ ስልክ ውስጥ፣ ያምናውን ጻፊው ስላት የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር፤ በዚሁ ድምፅ። በደብተሬ አልጻፍሁትም። ሁሉን የሚጽፍ ሰው ነኝ ስል ከርሜአለሁ።

«እንዳለ ጻፊው» አልኋት።

ጻፈችው። ሰንጠረዡን አትማ ሰጠችኝ፤ ቆሜ አኃዝ በአኃዝ አነበብሁ። የመነሻው ዓመት ስድሳ ሁለት ነጥብ ስድስት ሚሊዮን ቶን። የዘንድሮው ስድሳ ሁለት ነጥብ ሦስት። ብዕሬን አውጥቼ ፈረምሁ፤ እርሷም ከእኔ ስም በታች ፈረመች።

ወረደ።